ከአስቶሪያ እስከ ብሩኪንግስ ውሻ ፍለጋ

ከመነሳታችን በፊት

ሐሳቡ ሲወራ ቀላል ነበር። ከአሜሪካዋ የኦሪገን ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከአስቶሪያ ተነስተን በሀይዌይ 101 እስከ ብሩኪንግስ እንወርዳለን። መንገድ ላይ የምናገኛቸውን ውሾች ፎቶ አነሳለሁ። ከእያንዳንዱ ውሻ ጀርባ ገደል፣ አለት ወይም ማዕበል ይኖራል። ዳርቻው 363 ማይል ነው፣ ወደ 584 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። የቸኮለ ሰው በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። እኛ 14 ቀን ይዘናል፤ ጊዜው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ነው። (የምጠቅሳቸው ወሮችና ዓመቶችም በነሱው አቆጣጠር ናቸው።) ግቤ 30 ውሻ ነው።

እኛ ስል እኔ፣ ባለቤቴና ውሻችን ቡቺ። ቡቺ ጥቁር ነው፣ ደረቱ ላይ እንኳ ነጭ ነጥብ የለውም፣ ይህ በኋላ ጣጣ ያመጣል። አርቪው የኪራይ ነው፤ ያው አልጋ፣ ማድቤትና ሽንት ቤት ያለው መኪና። ሹፌሯ ባለቤቴ ናት። እኔ ወደ ኋላ ሳስገባ እንጣላለን፣ እሷ ስታስገባ ሰላም ነው።

ከሰሜን ወደ ደቡብ የመረጥነው በምክንያት ነው። ወደ ደቡብ ሲነዳ ባሕሩ በቀኝ በኩል ይውላል። ውሻ ካየን ወይም ብርሃኑ ካማረን ዳር ወጥቶ መቆም ብቻ ነው። በተቃራኒው ብንመጣ ኖሮ በዚህ ረጅም መኪና፣ ከፊት የሚመጣውን መኪና ሁሉ እየጠበቅን፣ ወደ ግራ መታጠፍ ሊሆን ነው። አንድም ፎቶ ይህን ያህል አያስቸኩልም።

ኦሪገንን የመረጥነውስ? እዚህ የባሕር ዳርቻ ለግል አይታጠርም። በ1913 ገዥው ኦስዋልድ ዌስት ውሃ የሚነካውን አሸዋ የሕዝብ መንገድ ተብሎ እንዲደነገግ አደረገ። በ1967 ደግሞ ደረቁን አሸዋ፣ ሣሩ እስከሚጀምርበት ድረስ፣ ሕዝብ እንዲጠቀምበት የሚያደርግ ሕግ ወጣ። ከዚህ ሌላ በአብዛኛው ዳርቻ ላይ ውሻ ከገመድ ተፈትቶ መሮጥ ይችላል፣ ባለቤቱ ጠርቶ መመለስ እስከቻለ ድረስ። ለኔ ዓይነቱ ሥራ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል።

ቀን 1

ፎርት ስቲቨንስ ፓርክ አደርን። እዚያ ዳርቻ ላይ የፒተር አይርዴል አጽም አለ። በጥቅምት 1906 አሸዋ ላይ የወጣች የብረት መርከብ ናት። ሰው አልሞተባትም፣ እሷ ግን እዚያው ዝጋ ቀረች። ባሕሩ ሲሸሽ የጎድን አጥንቷ ወጥቶ ይታያል።

ለሙከራ ቡቺን አቆምኩት። 40 ፎቶ አነሳሁ፣ 40ውም ቆሻሻ።

ምክንያቱ ገብቶኛል፣ ግን ቦታው ላይ ሲሆን እጅ ይጠፋል። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይፈልጋል። ጥቁር ውሻ ምስሉን ሲሞላው "ጨለመ" ብሎ ብርሃን ይጨምራል፤ ውሻው አመድ ይመስላል፣ ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ስለዚህ ብርሃኑን ወደ ታች፣ አንድ እርከን ያህል መቀነስ። ይህን አውቄ ቀነስኩ። ቡቺ ግን አንድ ቦታ አይቆምም፤ ሮጦ ራቀና በነጭ አረፋ መሀል ትንሽ ጥቁር ነገር ሆነ። አሁን ምስሉን የሞላው አረፋው ነው። ካሜራው "በራ" ብሎ ያጨልማል፣ እኔም ቀንሻለሁ፣ ቡቺ ቀዳዳ መሰለ። ውሻው ያው፣ ባሕሩም ያው ሆኖ፣ በሃያ ሜትር ልዩነት ማስተካከያው ተገለበጠ።

ማታ ወሰንኩ። ከነገ ጀምሮ የካሜራውን መለኪያ ትቼ የብርሃኑን መጠን በእጅ እሞላለሁ። ሰማዩ ደመና ከሆነ ብርሃኑ ለረጅም ጊዜ አይለዋወጥም፣ አንዴ ከሞላሁት ውሻው ቢርቅም ቢቀርብም አይቀየርም።

ቀን 2

ሲሳይድ። ባሕሩ ዳር አህጉሩን አቋርጠው የመጡት አሳሾች፣ የሉዊስና የክላርክ ሐውልት አለ፣ እግራቸው ሥር ውሻ ተቀምጧል። ስሙ ሲማን ነው፣ ኒውፋውንድላንድ የሚባለው ትልቁ ዝርያ። ሉዊስ በ1803 በ20 ዶላር ገዝቶት አህጉሩን አቋርጦ እዚህ ድረስ አብሮት መጥቷል። የመጀመሪያው ውሻዬ እሱ ሆነ፤ ነሐስ ስለሆነ አይቆጠርም አለች ባለቤቴ። እሺ፣ አይቆጠርም።

ከሰዓት ካነን ቢች ደረስን። ከዚያ ሆኖ በስተሰሜን፣ ከባሕሩ መሀል በቆመ ጥቁር አለት ላይ የቲላሙክ ሮክ የመብራት ማማ በሩቁ ይታያል። ስለሱ ያነበብኩት ታሪክ ከአእምሮዬ አልወጣም። ጥር 1881 ላይ፣ ማማው ሥራ ሊጀምር ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው፣ ሉፓሺያ የምትባል የእንግሊዝ መርከብ በጭጋግ ውስጥ ከገደሉ ተላተመች። ማማውን ሲሠሩ የነበሩት ሰዎች የመርከበኞቹን ድምፅ ሰምተዋል፣ ግን ምንም ማድረግ አልቻሉም። 16 ሰው አለቀ። በሕይወት ዳርቻ የደረሰው የመርከቧ ውሻ ብቻ ነበር።

ቡቺ ይህን ሁሉ ሳነብለት የሰው ሳንድዊች እያየ ነበር።

ቀን 3

ሄይስታክ ሮክ። 72 ሜትር ቁመት ያለው አለት ከአሸዋው ላይ ቁጭ ብሏል። ውሻም ሞልቷል። ከማለዳ እስከ አራት ሰዓት ሰባት ውሻ አነሳሁ። ሁለቱ ብቻ ይረባሉ።

ጥፋቱ የሌንስ ነው። መጀመሪያ ሰፊውን ሌንስ ይዤ ውሻው አፍንጫ ሥር ገባሁ። ውሻው ግዙፍ ሆነ፣ ከኋላ ያለው 72 ሜትር አለት ጠጠር አከለ። መፍትሔው መራቅ ነው። ሩቁን የሚያቀርበውን ሌንስ 200 ሚሜ ላይ አድርጌ አሥራ አምስት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሸሸሁ፤ ውሻው ያው ትልቅ ነው፣ አለቱ ግን መጥቶ ከጀርባው ተገተረ። ሁለተኛው ነገር ደግሞ የሌንሱ ቀዳዳ ሰፍቶ ኤፍ 2.8 ላይ ሲሆን አለቱ ቅርጹ ጠፍቶ የጭስ ክምር ይመስላል። ቀዳዳው ጠቦ ኤፍ 8 ላይ ሲሆን ቅርጹ ይመለሳል። ሸተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ ከ1/1600 ሰከንድ እንዲዘገይ አልፈቅድም፣ የሚሮጥ ውሻ እግር ይደበዝዛል። ስለዚህ አይኤስኦው፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ ከፍ ብሎ ይከፍላል። ትንሽ አሸዋማ ምስል እቀበላለሁ፣ የደበዘዘ ዓይን ግን አልቀበልም።

የምተኛው በደረቴ ነው። ቆሞ ያነሳ ሰው የውሻ ጀርባ ነው የሚያተርፈው።

ስለ ባለቤቶቹ፦ መጀመሪያ ሰውየውን አናግራለሁ፣ ካሜራው ወደ ታች እንደተንጠለጠለ። ከዚያ ጎኔን ሰጥቼ ቁጭ እላለሁ፣ ውሻው ራሱ መጥቶ ያሸተኛል። ትልቅ ሌንስ ለውሻ አፍጥጦ የሚያይ ዓይን ነው። ከንፈሩን ቶሎ ቶሎ ከላሰ፣ ወይም ፊቱን አዙሮ በዓይኑ ነጭ ካየኝ፣ አመሰግናለሁ ብዬ እነሳለሁ። ሲጢጥ የምትለዋን የጎማ አሻንጉሊት ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ፤ ሦስት ጊዜ ትሠራለች። አንደኛው ላይ ጆሮ ይቆማል፣ ሁለተኛው ላይ አንገት ዘንበል ይላል፣ ሦስተኛው ላይ ይጠረጥራል። አራተኛ የለም።

ቀን 4

ፎቶ የለም። ዛሬ ያነሳሁት የቆሻሻ ቱቦ ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ ቡቺን አርቪው ሻወር ውስጥ ሳጥበው ነበር። የታጠበው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ የለም። የሚሄደው ግራጫ ወደሚባለው ታንክ ነው፣ ታንኩም ሞልቶ ዛሬ ጠዋት በሻወሩ በኩል ተመልሶ መጣ። ከነአሸዋው። ባለቤቴ ምንም አላለችም፣ ያ ነው የሚያስፈራው።

ማፍሰሻ ጣቢያ ሄደን ገለበጥነው። ቅደም ተከተሉን ለማያውቅ፦ መጀመሪያ የሽንት ቤቱ ጥቁር ታንክ ይፈሳል፣ ቀጥሎ ግራጫው። ያኔ የሳሙናው ውሃ ቱቦውን አጥቦ ይወጣል። ገልብጦ የሠራ ሰው ያን ቱቦ በእጁ ሲያነሳ ያስታውሰኛል። አሸዋው ግን ታንኩ ሥር ይተኛል፣ በአንድ ማፍሰስ አይወጣም። ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ሞልተን፣ ትንሽ ነድተን ካናወጥነው በኋላ ነው የጠራው። አዲሱ ሕግ፦ ቡቺ ውጭ ይታጠባል፣ በእጅ በሚነፋ የአትክልት መርጫ። አራት ሊትር ይበቃዋል።

ቀን 5 እና 6

ኬፕ ሉክአውት። ዝናብ። አንድ ውሻ፣ እሱም ዝናብ ልብስ ለብሶ የተናደደ።

የተማርኩት ስለ ላብ ነው፣ የሰው ሳይሆን የመስታወት። ከቀዝቃዛው ንፋስ ካሜራውን ይዤ ወደ ሞቀው አርቪ ዘው ስል ሌንሱ በሰከንዶች ውስጥ ጉም ለበሰ። መጥረግ ዋጋ የለውም፣ ውስጥም ሊገባ ይችላል። ከመግባቴ በፊት ውጭ ሳለሁ ቦርሳው ውስጥ አድርጌ መዝጋት፣ ከገባሁ በኋላም የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ አለመክፈት። ፎቶዬን ለማየት ስለምቸኩል ይህ ከሁሉም ሥራ ይከብደኛል።

መስኮቶቹም ያልባሉ። ሦስት ፍጡር ይተነፍሳል፣ አንዱ እርጥብ ነው። ምድጃውም ጋዝ ሲያነድ ውሃ ያተናል። የጣሪያውን መተንፈሻ ከፍተን፣ ትንሽ እየበረደንም ቢሆን፣ ተኛን። ጠዋት ፍራሹ ደረቅ ነበር።

ሌላው ጠላት ጨው ነው። ማዕበሉ ሲሰበር የሚበተነው ርጭት ሌንሱ ላይ ሲደርቅ በደረቅ ጨርቅ አይነካም፣ ይቧጭራል። በንጹሕ ውሃ የረጠበ ጨርቅ መጀመሪያ፣ ደረቁ ኋላ። ሌንስ የምቀይረው አርቪው ውስጥ ብቻ ነው።

ቀን 7

ቤቨርሊ ቢች። ከካምፑ ወደ ባሕሩ የሚወጣው በሀይዌዩ ሥር ባለ መተላለፊያ ነው። ከጨለማው ወጥተህ ድንገት ባሕሩ ይከፈታል።

እዚህ አንድ ነገር ሆነ። አንዲት ትልቅ ሴት ፊቷ የሸበተ ላብራዶር ይዘው መጡ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው አሉ፣ ጆሮዋ አይሰማም። የጎማዋ አሻንጉሊት እዚህ ጥቅም የላትም። እኔ እንደ ልማዴ ገደሉን ከጀርባዋ አድርጌ፣ ሌንሱን አስተካክዬ፣ ወደኔ እስክታይ ጠበቅኩ። አላየችኝም። ባሕሩንም አላየችም። ሴትዮዋ ወደ ውሃው ጠጋ ብለው ሱሪያቸውን እየጠቀለሉ ነበር፣ ውሻይቱ አፏን ገጥማ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ እሳቸውን ብቻ ታያለች። አንድ ጊዜ ተጫንኩ።

ማታ የሳምንቱን ፎቶ ሁሉ ከፍቼ ሳይ ነገሩ ፊት ለፊት ነበር። 11 ውሻ አንስቻለሁ። አሥሩ ወደ ሌንሱ ያያሉ፣ ማለትም ወደ ሲጢጥታው። ቆንጆ ናቸው፣ የቀን መቁጠሪያ ላይ ይለጠፋሉ፣ አለቀ። የላብራዶሯ ግን ሌላ ነገር ነው። ገደሉን የማየው እኔ ነኝ እንጂ ውሻው አይደለም፤ እዚህ ድረስ መጥቶ የሚያየው ሰውየውን ነው። ሳምንት ሙሉ ከሰውየው አስጥዬ ወደኔ ሳዞረው ነበር።

ለባለቤቴ አሳየኋት። "ይህቺ ነች" አለች፣ "ሌሎቹ ያንተ ናቸው።"

አሻንጉሊቷን መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት።

ቀን 8

አዲሱ አሠራር፦ ባለቤቱን ከካሜራው ጀርባ አላቆምም። "እርስዎ የሚሠሩትን ይሥሩ፣ እኔን ይርሱኝ" እላለሁ። ሰዎች ሲባሉ መጀመሪያ ደንዝዘው ይቆማሉ። አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ ድንጋይ መልቀም፣ ጫማ ማውለቅ፣ ስልክ ማውራት ይጀምራሉ። ውሻው ያኔ ውሻ ይሆናል።

ኒውፖርት ላይ በ1936 የተከፈተው የያኪና ቤይ ድልድይ ሥር ሦስት አነሳሁ። ሦስቱም ደህና ናቸው። አንዱ ዓሣ የሚያጠምድ ጌታውን የዘንግ ጫፍ እያየ፣ ጫፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አንገቱ አብሮ ይንቀሳቀሳል።

ቀን 9

ኬፕ ፐርፔቹዋ። እንግሊዛዊው አሳሽ ካፒቴን ኩክ መጋቢት 1778 ላይ ያየው ጊዜ የቅድስት ፐርፔቹዋ ቀን ስለነበር በስሟ ሰየመው። ጥቁር የእሳተ ገሞራ አለት ነው፣ ባሕሩ በስንጥቁ እየገባ ወደ ላይ ይተፋል።

እኔ ደግሞ ዛሬ ቂል ሆንኩ። ከአለቱ ወረድ ብሎ ጠጠር ያለበት ቦታ ላይ በደረቴ ተኝቼ፣ ጀርባዬን ለባሕሩ ሰጥቼ፣ አንድ ቀይ ውሻ ጌታው ድንጋይ ሲቆልል የሚያየውን አነሳለሁ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ማዕበሉ ከኔ አሥር ሜትር ርቆ ነበር የሚሰበረው።

"አንተ! ተነስ! ተነስ!"

ባለቤቴ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ስነሳ ውሃው ጉልበቴ ላይ ነበር። ቦርሳዬን ወሰደው፣ መልሶ ከሦስት ሜትር ላይ ተፋው። ሰፊው ሌንስ ሞቷል፣ ሲያዞሩት ይንኳኳል። እኔ ደህና ነኝ።

እዚህ አገር ይህን አድብቶ የሚመጣ ማዕበል ይሉታል፣ በየዳርቻው ማስጠንቀቂያ ተሰቅሏል። አንብቤዋለሁ፣ ፎቶም አንስቼዋለሁ። ደርዘን ትንንሽ ማዕበል ካለፈ በኋላ አንድ ትልቅ ሳይታሰብ ከሁሉም በላይ ይወጣል። ዳርቻው ላይ የተኛው ግንድም እንደዚያው ነው። መቀመጫ ይመስላል፣ ነገር ግን ትንሽ ውሃ ከሥሩ ከገባ ተነስቶ ይንከባለላል፣ ሰው የገደለ ነገር ነው። ከዛሬ ጀምሮ ስተኛ ባለቤቴ ባሕሩን ታያለች። ብቻዬን ከሆንኩ አልተኛም።

ቀን 10

ቡቺ ሌሊቱን ሙሉ ተቅማጥ። ዝርዝሩን ልተው፣ አርቪ ትንሽ ቤት ነው።

ትናንት እኛ በቦርሳው ስንዋከብ የባሕር ውሃ ጠጥቶ ነበር። ኳስ በአፉ እየያዘ ሲወጣም ይውጣል። ጨዉ ከሰውነቱ ውሃ ወደ አንጀት ይስባል፣ ከዚያ ማስመለስና ተቅማጥ፣ ሲበዛ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። አሁን ንጹሕ ውሃ በየሩብ ሰዓቱ እንሰጠዋለን፣ ሳይጠማ። ቀኑን አረፈ፣ ማታ በላ።

ለሚመጣ ሰው አንድ ሌላ ነገር፦ በየወንዙ አፍ የሞተ ሳልሞን የሚባል ዓሣ ሊኖር ይችላል። በጥሬው ሳልሞን ውስጥ የሚኖር ጥገኛ ትል ውሻ የሚገድል ባክቴሪያ ተሸክሟል፣ ምልክቱም ብዙውን ጊዜ ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው የሚመጣው። ሰውና ድመት በዚያ በሽታ አይያዙም። ስለዚህ ወንዝ አጠገብ ቡቺ ገመድ ላይ ነው፣ ውይይት የለም።

ቀን 11

ባንደን። ይህንን ቦታ ከሁሉ በላይ ስጠብቀው ነበር።

ፌስ ሮክ ይሉታል፣ ወደ ሰማይ ያንጋጠጠ የሴት ፊት የሚመስል አለት። የአካባቢው ነባር ሕዝብ፣ ኮኪሎች፣ ታሪኩን እንዲህ ይነግራሉ። ኢዋውና የምትባል የአለቃ ልጅ ከውሻዋ ከኮማክስ፣ ከድመቷና ከግልገሎቿ ጋር ሌሊት ባሕሩ ዳር ወረደች። ስትዋኝ ሲያትካ የሚባለው የባሕር ክፉ መንፈስ ያዛት። ኮማክስ ዋኝቶ ደርሶ እጁን ነከሰው። መንፈሱ ውሻውንና ድመቶቹን ወረወራቸው። ኃይሉ በዓይኑ ውስጥ ስለነበር እሷ አላየውም ብላ ጨረቃዋን አየች። ሲነጋ ሁሉም ድንጋይ ሆነዋል። ውሻውም እዚያ አለ፣ ድመቶቹም ራቅ ብለው።

ሁለት ሰዓት ያህል ቁጭ ብዬ አየሁ። 363 ማይል መንገድ ላይ ውሻና አለት አንድ ምስል ውስጥ ለማስገባት ስለፋ፣ እዚህ ሰዎቹ ድሮ ጨርሰውታል። ውሻውም ባሕሩን አያይም።

ከባንደን ወደ ደቡብ ያለው አሸዋ ላይ ውሻ ማስገባት የተከለከለባቸው ቦታዎች አሉ፣ ከማርች 15 እስከ ሴፕቴምበር 15። ስኖዊ ፕሎቨር የምትባል ትንሽ ወፍ ደረቁ አሸዋ ላይ እንቁላል ትጥላለች፣ ውሻ ካየች እንቁላሏን ትታ ትሸሻለች። አንድ ሰውዬ "ማንም አያይህም፣ ግባ" አለኝ። አልገባሁም። ፎቶውም አልተነሳም።

ቀን 12

ኬፕ ብላንኮ። በ1870 የበራ የመብራት ማማ። ንፋሱ ቆሞ አያስቆምም፣ አርቪው ሌሊቱን ሲወዛወዝ አደረ። አንድ ውሻ፣ ሁለቱ ጆሮው ወደ ኋላ ተገልብጦ። በጣም ወደድኩት።

ቀን 13

ሳሙኤል ቦርድማን ፓርክ፣ 12 ማይል ያህል ገደል። እዚህ የተፈታ ውሻ ፎቶ አላነሳም። ጫፉ ሣር ይመስላል እንጂ ሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ገመዱን ግን ከፎቶው ማውጣት ይቻላል። ካሜራውን በሦስት እግሩ ላይ አቆማለሁ። ባለቤቱ ገመዱን በጎን በኩል ወጥሮ ይይዛል፣ በውሻው ገላ ላይ እንዳያልፍ። አነሳለሁ። ከዚያ ሁለቱም ይወጣሉ፣ ምንም ሳልነካ ባዶውን ቦታ ደግሜ አነሳለሁ። ማታ ኮምፒውተር ላይ ከባዶው ምስል ቆርጬ ገመዱ ላይ እደፍናለሁ። ገመዱ ፀጉር ላይ ካለፈ ግን ሰዓት ሙሉ መቀባት ነው፤ ሁለት ጊዜ ሠርቼው ሁለቱንም ጣልኩ። ሦስተኛው ላይ ገመዱን ተውኩት። ቀይ ገመድ ከአንገቱ ተነስቶ ከምስሉ ውጭ ይወጣል፣ ውሻው ገመዱ የሄደበትን ያያል። እንደዚህ ይሻላል።

ቀን 14

ብሩኪንግስ፣ ሃሪስ ቢች። ቆጠርኩ፦ 23። ከሐውልቱ ጋር 24፣ ከባንደኑ ድንጋይ ጋር 25። ባለቤቴ 23 ብላ ጻፈች።

ማለዳ ጭጋግ ነበር፣ አለቶቹ ግማሽ ጠፍተዋል። እሷ ስኒዋን ይዛ ወደ ውሃው ሄደች። ቡቺ አሸዋው ላይ ተቀምጦ፣ እዚያው እንደቆየ፣ አንድ ጆሮው ብቻ ወደኔ ተመልሶ። ብርሃኑን በእጅ ሞልቻለሁ፣ አሁን ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ ፀጉሩ ላይ ያለው ጠብታ ሁሉ ይቆጠራል። ሁለት አነሳሁ። ሁለተኛው ላይ እሷ ዞራ ስትጠራው ጭራው ተነስቷል።

ከሰዓት አርቪውን ስናጸዳ መሳቢያው ውስጥ የጎማዋ አሻንጉሊት ተገኘች። ጨው ገብቶባት ሲጢጥ ማለት ትታለች፣ ስትጫናት ትተነፍሳለች ብቻ። ቡቺ ይዟት አልጋው ሥር ገባ፣ ውጣ ቢባልም እምቢ አለ።